ከጎታው ጀርባ የቀረችው ጽዋ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትህ? ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። መቃብርህ ራስጌ የተከልነው ጽድ ወገቤ ደርሷል። በሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ አንተ እልህ ነበር። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም እንዲያነበው ስለምፈልግ በወጉ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን አንቱ ብዬ ልጽፍልህ ስሞክር እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሚቆጣ ይቆጣ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ክረምቱ ሲበረታ ጉልበቷን ያማታል፤ ማመሙን ግን አታምንም፣ «ብርዱ ነው» ትላለች፣ ብርዱ የያዘው የጎረቤት ጉልበት ይመስል። ከቤቱ ጀርባ የተከልኸው የደከረንስ ዛፍ ደርሶ አጎቴ አከሰለው፤ መሬቱ ላይ ዘንድሮ ድንች ገብቶበታል። ቀርከሃህን ግን ማንም አልነካውም። ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሰፈራችን ሳር ክዳን የቀረው የእኛ ቤት ብቻ ነው። የባጃጅ ልጆች «ሳር ቤቱ ጋ ወራጅ አለ» ይላሉ። ከተማውን አንተ እስከ መጨረሻው በድሮ ስሙ ቆሰበር እንዳልኸው ቀረህ፤ ለእነሱ እንጅባራ ነው። ቤትህ ግን ፌርማታ ሆኖልሃል፣ ደስ ይበልህ።

ሳሩን ዘንድሮም አሳደስነው። ለምን በቆርቆሮ እንደማንቀይረው ሰው ዛሬም ይጠይቀናል። አንድ ጊዜ አጎቴ ቤት ሳለን በረዶ ወርዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አንተ ራስህን በሁለት እጅህ ይዘህ አልጋው ሥር ገባህ። እኔ ትንሽ ነበርሁ፤ ድብብቆሽ የምንጫወት መስሎኝ ተከትዬህ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ወሬውም ቤታችን አልገባም። ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ «ጡረታ እየበላ ጣራ የማይቀይር» እያሉ ሲያሙህ እማዬ አንድም ቀን አልመለሰችላቸውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሩን ታስደርባለች፣ በቃ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የምጽፍልህ ስለ ጽዋዋ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው አያውቅህምና ትንሽ ልናገርልህ። አባቴ ሃምሳ አለቃ ደመላሽ ድንበር ላይ ሲዋጋ ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈነዳ። ራሱን ስቶ ቆየ፣ ነቃ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ። እጅህ ሙሉ፣ እግርህ ሙሉ፣ ዓይንህ ሙሉ ነበር። ሊጠይቅህ የመጣው ሰው ጎደሎ ፈልጎ አጣብህ። «ተመስገን፣ ምንም ሳይሆን ተመለሰ» አሉ። ይህች «ምንም ሳይሆን» የምትባል ቃል ዕድሜህን ሙሉ ተከተለችህ። ስትቆጣ «ምን ሆንሁ ብሎ ነው?» አሉ። ሰላምታ ሳትሰጥ ስታልፍ «ኮራ» አሉ። ስትወላገድ «ጠጥቶ ነው» አሉ፤ አንተ ግን ጠላ እንኳ ራሴን ያዞረኛል ብለህ ከተውህ ቆይተሃል። ጠበል ወሰዱህ፣ እሺ ብለህ ሄድህ። ስትመለስ ለእማዬ ያወራሃት እዚያ ዝም ያለ ቦታ እንደሆነና እንቅልፍ እንደወሰደህ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሰው ነበርህ። ከትምህርት ቤት ስገባ ምሳ በላሽ ወይ ትለኛለህ፤ በልቻለሁ እልሃለሁ፤ ደስ ይልሃል። ጥቂት ቆይተህ ምሳ በላሽ ወይ ትለኛለህ። እማዬ «ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው አድርገሽ መልሺለት» ብላ አስተምራኝ ነበርና፣ በልቻለሁ እልሃለሁ፤ አሁንም እንደ አዲስ ደስ ይልሃል። አንዳንድ ቀን አልበላሁም ብዬ ሁለተኛ ምሳ አስቀርቤያለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወፍራም ነኝ፣ በአንተ ምክንያት። ሳይኮሎጂ ተምሬ ስመረቅም ለሰው አንድ ቀን ነርስ፣ አንድ ቀን መምህር፣ አንድ ቀን ዳኛ አድርገኸኛል። ዳኛ ያልኸው ሰው እስከ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ይላል። እጆችህ ደግሞ ምንም አልረሱም ነበር። የቀርከሃ ስንጥቅ ሲይዙ ከየት ጀምረው የት እንደሚጨርሱ ያውቃሉ። ከጎንህ ቁጭ ብዬ ስንጥቁን ሳቀብልህ፣ ሳንነጋገር ውለን ሲመሽ አንድ ወንበር ይወለድ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰላም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

እና ያቺ ወር መጣች። በጊዮርጊስ ማኅበር ተራህ ደርሶ በሃያ ሦስት ጽዋዋን ተቀበልህ። ጽዋ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለው ወር ሃያ ሦስት ማኅበርተኛውን በቤቱ እንደሚያበላ እንደሚያጠጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን ጽዋ ማንም እንዳይነካት ብለህ ከጎታው ጀርባ አስቀመጥሃት። በማግስቱ የእማዬ እናት ታመው እሷ ጥሊሊ ወርዳ ወሩን ሙሉ እዚያው ቆየች፤ እኔ ዳንግላ ዘመድ ቤት ሆኜ እማራለሁ። ቤት ውስጥ አንተና ላሟ ብቻ ቀራችሁ። ጽዋዋ ከዓይንህ ስትርቅ ከልብህም ወጣች።

በሃያ ሦስት ማኅበርተኛው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ካህኑን አስቀድሞ፣ ከነመቋሚያው ደጃፋችን ላይ ደረሰ። አንተ ደጅ ላይ ቀርከሃ ትሰነጥቃለህ። ዳቦ የለም፣ ጠላ የለም፣ እሳት እንኳ አልነደደም። ቀና ብለህ አየሃቸውና «ደህና ናችሁ? ማን ሞተ?» አልሃቸው። የመጡት ለለቅሶ መስሎህ ነበር። እነሱ ግን የቀለድህባቸው መሰላቸው። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አያ አንለይ፣ ቅዱሱን የናቀ ሰው ቤት አልቀመጥም ብለው ጽዋዋን አስወጥተው ወሰዱ። ማኅበሩ አላባረረህም፤ ተራህን ዝም ብሎ መዝለል ጀመረ። አንተም ጥቂት ወራት ዳር ዳር ቁጭ ስትል ቆይተህ መሄዱን ተውህ። ለምን እንደተዉህ እንኳ በደንብ አይገባህም ነበር። በየወሩ በሃያ ሦስት ነጠላህን ለብሰህ ደጅ ትቆማለህ፣ ከዚያ መልሰህ ታወልቃለህ።

ስትሞት ዕድሩ ቀበረህ፣ እግዜር ይስጠው። ማኅበሩ ግን በጸሎቱ ስምህን አልጠራም።

ካለፈው ፋሲካ በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ተመርጬ ዳንግላ ሥልጠና ገባሁ። ከጦርነት የተመለሱ፣ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችን በሥነ ልቦና እንዴት እንደምንንከባከብ ነው ተባለ። ሥልጠና ስንቱን አይቻለሁ፤ ሻይ፣ ብስኩት፣ ፎቶ። እንደዚያ መስሎኝ ከኋላ ተቀመጥሁ። አሠልጣኟ ሐኪም ገብታ እንደ ሌላው ሰው መግቢያ አላበዛችም። በድምፅ ማጉያ የገበያ ጫጫታ ለቀቀችብን፣ መብራቱን ዓይናችን ላይ አዞረችው፣ በዚያ መካከል አንድ በአንድ የምንሠራውን ነገር ማዘዝ ጀመረች። ከዚያ ጫጫታውን አጠፋችና ያዘዝኋችሁን ድገሙልኝ አለች። አንድ ሰው እንኳ አልቻለም። አንዱ ሠልጣኝ እንዲያውም ተናዶ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። እሷም ረጋ ብላ፣ እናንተን በአንዲት አፍታ ያናደዳችሁን ነገር እነሱ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ጀምሮ ተሸክመውት ይውላሉ አለችን።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። ፍንዳታ ቆዳን ሳይቀድድ፣ አጥንትን ሳይሰብር አንጎልን ይንጣል አለች። የድሮው ነገር ሳይነካ ይቆይና ትናንት የተባለው አይያዝም አለች። ጫጫታ እንደ ዱላ ያማል፣ ድካሙ ቁጣ ይሆናል፣ መንገዳገድ አለ፣ ሰላምታ መርሳት አለ። አንድ በተናገረች ቁጥር አንተን አየሁህ፣ አባዬ። በረዶው፣ ምሳው፣ ኮራ ያሉህ ቀን፣ ሁሉም በተራው መጣ። ማኅበርተኛው የመጣባት ያቺ ባዶ ቤት ላይ ስደርስ አልቻልሁም፤ ተነሥቼ ወጣሁ። አዳራሹ ጀርባ ቆሜ የለቅሶህን ዕለት ያላለቀስሁትን አለቀስሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ተመለስሁና ከኋላ ሳይሆን ከፊት ተቀመጥሁ።

ከዚያች ሰዓት በኋላ የሥልጠናው ራስ ምታት እኔ ሆንሁ። ጥያቄ አላስቀረሁም። የሕመምተኛውን ሁኔታ ለማየት ቀኑን፣ ወሩን፣ ቦታውን በአማርኛ እንጠይቃለን ሲባል እጄን አወጣሁ። አባቴ ሲደክመው አማርኛው ጥሎት ይሄድና አገውኛው ብቻ ይቀር ነበር፤ በአማርኛ ብትጠይቁት ኖሮ ምንም አያውቅም ትሉት ነበር አልኋቸው። አሠልጣኟ ቆም አለች፤ ከዚያ በየቤቱ የምንሄደው በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን ተስማማን። መማሩ መቼ ያበቃል? የሚታመመው ሰው እንዳይፈተን፣ «ረሳህ እንዴ?» እንዳይባል፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲሰጠው፣ ሚስቱም የምታርፍበት ሰዓት እንዲኖራት፣ ይህን ሁሉ ያዝሁ። እማዬ ያለ አስተማሪ ግማሹን ስታደርገው ኖራለች፤ ግማሹን ግን የሚነግራት አጥታ ብቻዋን ደክማለች።

በመጨረሻ እያንዳንዳችን በየሰፈራችን አንድ ሰው ይዘን እንድንከታተል ተባለ። እኔ ይኸነው የሚባል ልጅ ደረሰኝ። ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ ይኖራል፤ ከቅርቡ ጦርነት ነው የተመለሰው። ጋሪ እየነዳ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ይመላለስ ነበር፤ የሰው እህል ጭኖ የት እንደሚያወርደው እየጠፋበት ሥራውን ተወ። ሚስቱ ሙሉነሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ፣ ጥሊሊ፣ ልትገባ ልብሳቸውን ቋጥራ ነበር። የማይሄዱበት አንድ ምክንያት ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ይኸነው ከአባቱ የወረሰው የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ በነሐሴ ሃያ ሦስት ይደርሰዋል። ጽዋዋን ተቀብሎ በወሩ ረስቶ ሳይደግስ ቢያዋርዳት ሙሉነሽ መሄዷ ነው። ጽዋዋን አልቀበልም ቢል ደግሞ ሰው ያኔውኑ «አለቀለት» ይለዋል።

መጀመሪያ ቤቱ ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። በአማርኛ ሳናግረው አልመለሰልኝም፤ በአገውኛ ስጠይቀው ዞረ። ጽዋዋን እንደማይቀበል ነገረኝ። ለምን ስለው የማን ልጅ እንደሆንሁ እያወቀ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «እንደ ሃምሳ አለቃ ደመላሽ መሆን አልፈልግም» አለኝ።

አባዬ፣ ቃሉ ቢላ ነው። ግን ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሰፈሩ ሲያወራ የሰማው ያንን ብቻ ነው። «እኔም እንድትሆን አልፈልግም» አልሁት። ከዚያ ተነሥቼ ወደ እማዬ ሄድሁና የነሐሴ ሃያ ሦስት ዕለት ነጠላዋን እንድታዘጋጅ ነገርኋት። የት ነው የምንሄደው ስትለኝ ማኅበር አልኋት። አልጠሩንም አለች። አልጠሩንም፣ እንሄዳለን አልኋት። አንተን ዕድሜዬን ሙሉ ስከራከርህ የኖርሁ ሰው፣ እማዬን ማሸነፍ መቼ ያቅተኛል?

በዕለቱ የወሩ ባለተራ ቤት ሄድን፤ የማኅበሩ ሰው በሩ ላይ ሲያየን ጨዋታው ቆመ። እማዬ ማኅበር ከረገጠች ስንት ዘመን! ካህኑ ግቡ አሉን፤ ይኸነውም በሙሉነሽ ልመና መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አያ አንለይን ጉልበታቸውን ሳምሁና ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። አርጅተዋል፣ አባዬ፤ ጆሮአቸውም ደከም ብሏል፣ ስለዚህ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝና ሁሉም ሰማ። ከዳንግላ የተማርሁትን በዳንግላ ቃል ብነግራቸው እንደማይገባቸው ስለማውቅ፣ ወተት ስለሚናጥበት ቅል ነገርኋቸው።

«ቅሉ ሲናጥ አይሰነጠቅም፤ ከውጭ ያየው ሰው ምንም አልሆነም ይላል። ውስጡ ያለው ግን እንደነበረ አይደለም። አባቴ ጊዮርጊስን አልናቀም። ጽዋዋን ማንም እንዳይነካበት ደብቆ አስቀመጣት፣ የተጎዳው አንጎሉ ደግሞ ከራሱ ከእሱ ደበቃት።»

አንዱ ከጥግ፣ ከልቡ የሚያከብር ሰው መቼ ይረሳል ብሎ አጉረመረመ። እማዬ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ መለሰችለት፤ ባሏ ቅዱሱን በየወሩ ሃያ ሦስት ነጠላውን ለብሶ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር፣ የሚጠራው ሰው ግን እንዳልነበረ ነገረችው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ዳቦውን መቁረስ ያዘ።

አያ አንለይ ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ይኸነው ጽዋዋን ይቀበል፣ ማስታወሱን ግን ለእሱ ብቻ አትተዉበት አልኋቸው። በደጁ የሚያልፍ ማኅበርተኛ ሁሉ ሰላምታ ሲሰጠው «በሃያ ሦስት ቤትህ ነን» ብሎ ይለፍ፤ ማንም ግን ረሳህ እንዴ አይበለው። ዕለቱ ሲደርስም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ኑ። አያ አንለይ ጽዋዋን አንሥተው ወደ ይኸነው ዘረጉና «ከተዋረድንም አብረን እንዋረዳለን» አሉ። ይኸነው በሁለት እጁ ተቀበላት።

ያ ወር፣ አባዬ፣ አያድርስ ነው። ጽዋዋን ከአልጋው ፊት ለፊት፣ ሲነቃ ቀድሞ በሚያያት ቦታ አስቀመጥናት። አንድ ቀን ብቅሉን፣ ሌላ ቀን ጌሾውን፣ ሌላ ቀን እንጨቱን፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አንነግረውም። እኔ በሥልጠና ተምሬያለሁ ብዬ ሞባይሉ እንዲያስታውሰው ደወል ሞላሁለት። ራሱን ባመመው ቀን ጮኸበትና ሞባይሉን በበሩ ወርውሮ ጭቃ ውስጥ ከተተው። እኔና ሙሉነሽ ሰፈሩ ሁሉ እያየን ጭቃ ስንዳብስ ዋልን። ደወሉ ቀረ፣ ሰላምታው ግን ሠራ። ወደ ገበያ የሚወርደውም፣ ከወፍጮ የሚመለሰውም፣ ሌላው ቀርቶ የማኅበሩ ያልሆነውም ሁሉ እንደምን አደርህ ብሎ በሃያ ሦስት ብሎ ያልፋል። በመጨረሻ ይኸነው ራሱ፣ አሁን የቀረው ጊዮርጊስ በፈረሱ መጥቶ ቢነግረኝ ነው ብሎ ሳቀ። ሙሉነሽ ሲስቅ ካየችው ቆይታ ነበርና እኔን አየችኝ። ልብሱ ግን እንደተቋጠረ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

መስከረም ሃያ ሦስት ማኅበርተኛው ሲደርስ ይኸነው ነጠላውን አጣፍቶ በሩ ላይ ቆሟል። ዳቦው ተደርድሯል፣ ጠላው ተጠምቋል። ግቡ ሲል ድምፁ ትንሽ ሰለለ እንጂ ሌላ እንከን አልነበረውም። ዳቦው ሳይባረክ በፊት ግን ሰማዩ ተደፋ። የአገራችንን መስከረም ታውቀዋለህ፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። የይኸነው ቤት ቆርቆሮ ነው።

ፊቱ አመድ ሲሆን አየሁ። እጁ የያዘውን ማንቆርቆሪያ ለቀቀው፣ ጆሮውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፣ ወደ በረት ገባ። ሙሉነሽ የፈሰሰውን ጠላ ቆማ ታያለች፤ ከዚያ ዓይኗ ወደተቋጠረው ልብስ ሄደ። እኔ ልነሣ ስል አያ አንለይ በእጃቸው አስቆሙኝ። በመቋሚያቸው እየተደገፉ ራሳቸው ወጡ። በጓሮው በር በኩል አየኋቸው፤ በረት ገብተው ላሞቹ መካከል፣ ይኸነው አጠገብ ድርቆሽ ላይ ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ራሱን ከነጆሮው ጠቀለሉለት። በረዶው እስኪያባራ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ፤ ቤት ውስጥም አንድ ሰው አልተነሣም፣ አንድ ሰው አላጉረመረመም።

ሲመለሱ የአያ አንለይን ነጠላ ፍግ ነክቶታል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ካህኑን ይባርኩ አሏቸው፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ይኸነው ጋቢውን እንደተከናነበ አሳለፈ።

ጽዋዋ ለሚቀጥለው ሰው የምትተላለፍበት ጊዜ ሲደርስ ባለተራው እጁን ዘረጋ። አያ አንለይ ግን ጽዋዋን ይዘው ቆሙ። «የዘለልነው ሰው አለ» አሉ፤ «የሃምሳ አለቃ ደመላሽ ተራ ነው።» እማዬ ተነሣች። ነጠላዋን እጇ ላይ ዘርግታ ተቀበለቻት። ካህኑ በክርስትና ስምህ ጠርተው ጸለዩልህ፣ ማኅበሩም አሜን አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ማኅበርተኛው በሙሉ እማዬን እስከ ሳር ቤቱ ሸኛት። አንድ ባጃጅ እንኳ ቆሞ አሳለፈን።

ይኸነው ድኗል ብዬ አልዋሽህም። ትናንት ሄጄ ነበር፤ ራሱን አሞት ተኝቷል፣ አላናገረኝም። ነገም እሄዳለሁ። ግን የልጆቹ ልብስ ከቋጠሮው ወጥቶ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ሙሉነሽም ሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤት አስመዝግባለች፣ ጥሊሊ ሳይሆን እዚሁ። እኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ሥልጠና ሠልጣኝ ሳይሆን አሠልጣኝ ሆኜ እንድገባ ተጠይቄአለሁ። እሺ ብያለሁ፤ በአገውኛም ይሰጥ ብያለሁ፣ እስኪሰጥም አልለቃቸውም። በዚህ ዞን ምንም ሳይሆን ተመለሰ የተባለ ሰው ሁሉ ቤት ሳልገባ አላርፍም። ድርቅ ያልሁ ነኝ፣ ታውቀኛለህ፤ ከአንተ ነው የወረስሁት።

ጽዋዋን ቤት ስናስገባ እንደ ይኸነው ቤት ፊት ለፊት እናስቀምጣት አልኋት እማዬን። እምቢ አለች። ከጎታው ጀርባ፣ አንተ ባስቀመጥህበት ቦታ አስገባቻት። አባትሽ ቦታውን አልተሳሳተም አለችኝ፤ ያኔ የጎደልነው እኛ ነበርን።

ከነገ ወዲያ ጥቅምት ሃያ ሦስት ነው። ጠላው ደርሷል፤ ዳቦው ነገ ይጋገራል። በሠራሃቸው የቀርከሃ ወንበሮች ላይ አያ አንለይ ይቀመጣሉ፣ ይኸነው ይቀመጣል፣ ዝናብም ቢመጣ ሳሩ ላይ ድምፅ የለውም። ነጠላህን አጥቤ አጣጥፌ መደቡ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፣ አባዬ፤ ማስታወሱን ለእኛ ተወው።

ልጅህ